አልወዛወዝ ያለች ጣት

ልጄን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቫዮሊን አስተምሬያታለሁ። አስተምሬያታለሁ ስል ቫዮሊን እንዴት እንደሚያዝ አውቄ አይደለም። አስመዘገብኳት፣ በመኪና አመላለስኳት፣ ከዚያ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ስልኬ ላይ ተክዬ፣ «ከመጀመሪያው ድገሚው» እል ነበር። በእኛ ቤት የሙዚቃ ትምህርት ማለት ይኸው ነው። በቲማቲም ቅርጽ የተሠራች፣ ሲጠመዝዟት የምትቆጥር የወጥ ቤት ሰዓት ነበረችኝ። አርባ ደቂቃ እሞላትና ልጄ ፊት አስቀምጣታለሁ። ሰዓቷ እስክትጮህ ድረስ ውሃ መጠጣትም ሆነ ሽንት ቤት መሄድ በልዩ ፈቃድ ነው።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት «ክፍሌ ውስጥ በሬን ዘግቼ ልለማመድ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ እንግዲህ ልጄ ራሷን ቻለች አልኩ። እውነትም ከዚያ ወዲህ አጨዋወቷ ሌላ ሆነ። ሳን ፓብሎ ያለው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ከክፍሏ የሚወጣ ድምፅ ሁሉ ወጥ ቤት ይገባል። ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማታለሁ። ድሮ ደርቆ ይጮህ የነበረው ድምፅ ረጅሙ ኖታ ላይ ሲደርስ እንደ ሰው ጉሮሮ መርገብገብ ጀመረ። ቢላዋዬን አስቀምጬ፣ ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን በጸሎት ፕሮግራም ላይ ብድግ ብዬ፣ ለልጄ ስለተሰጣት ጸጋ ምስጋና አቀረብኩ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ «አሜን!» አለ።

ሃይስኩል በጨረሰችበት ሳምንት ቫዮሊኑን ከነሳጥኑ ከሻንጣዎች ሥር ከተተችና «አይ አም ደን፣ ማሚ» አለችኝ። በቃ። ኮሌጅ ጨርሳ ሳን ሆዜ ሥራ ስታገኝም አልጋዋን፣ ጫማዎቿን፣ የጠረጴዛ መብራቷን፣ የመስኮቷን መጋረጃ ሳይቀር ወሰደች። ቫዮሊኑ ቀረ።

ባለቤቴ ፕሌዘንተን ውስጥ የቢሮ ሕንፃዎች ጥገና ላይ ነው የሚሠራው። ሥራው ቤትም ይከተለዋል፤ ክፍሏን ሲያጸዳ ሳጥኑን ከፍቶ አየና «አንደኛው ክር ተበጥሷል» አለኝ።

«ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንስጠው» አልኩት።

«እንስጥ፤ ግን የተበጠሰ ዕቃ አይሰጥም። መጀመሪያ አሠሪው።»

ኦክላንድ ውስጥ ነው የምሠራው፤ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም እቀዳለሁ። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ቫዮሊን ወደሚጠግን ሱቅ ወሰድኩት። ጠጋኙ ጢሙን ያሳደገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አዲስ ክር አሰረበት፣ ጆሮውን አስጠግቶ ቃኘው፣ ከዚያ ቀና ብሎ «ትጫወቻለሽ?» አለኝ።

«አይ፣ የልጄ ነው» ማለት ስንት ጉልበት ይፈጃል? ግን ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ከቫዮሊን ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። «ትንሽ ትንሽ» አልኩት።

«እንግዲያው ሞክሪው» ብሎ ሰጠኝ።

ተቀበልኩት። አገጬ ሥር ሸጎጥኩት። ሰውየው አንዲት ጥርስ ሳያሳይ፣ ቫዮሊኑን ከቀኝ ትከሻዬ ላይ አንሥቶ በግራዬ አስቀመጠው። «በዚህ በኩል ይሻላል» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ጣሪያውን ያያሉ። ልወጣ ስል ጠጋኙ አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ፤ የአዋቂ ጀማሪዎች አስተማሪ አድራሻ ነበረበት። «እሳቸው ታጋሽ ናቸው» አለኝ። ስድብ ይሁን ምክር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መኪና ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ለራሴ ሳቅኩ። ከዚያ ደወልኩላቸው። ለምን እንደሆነ ለባለቤቴ ማስረዳት አልቻልኩም፤ «ለልጆቹ ልንሰጠው አልነበረም ወይ?» ቢለኝ «መጀመሪያ መሥራቱን ልየው» አልኩት።

አስተማሪዬ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ኦርኬስትራ ውስጥ ሲጫወቱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እንደ እኔ ያሉትን መማር የሚገባን በልጅነታችን እንደነበር የዘነጋን ሰዎች ማስተማር ጀመሩ። በየማክሰኞው ከሥራ በኋላ ኦክላንድ ውስጥ ባለ አንድ የሰፈር ማዕከል እንገናኛለን። በእንግሊዝኛ ሁላችንም «ዩ» ነን፤ በልቤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እርስዎ» ነው የምላቸው።

የመጀመሪያ ቀን «ምን መጫወት ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«ያንን የሚርገበገበውን።»

«ቫይብራቶ?»

«አዎ፣ እሱን።»

«እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።»

«መጨረሻው መቼ ነው?»

«መጀመሪያውን ስትጨርሺ» አሉኝ።

መጀመሪያውን ለመጨረስ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ቦው የሚሉትን፣ ክሩን የሚገዘግዘውን ዘንግ መያዝ ብቻ አንድ ወር። ጣቶቼን ክሩ ላይ የት የት እንደማሳርፍ፣ ሳላይ በጆሮዬ መፈለግ፣ ስንት ወር እንደሆነ እንጃ። ባለቤቴ ሰላማዊ ሰው ነው፤ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም። ብቻ እኔ ሳጥኑን ስከፍት እሱ ጋራዥ ውስጥ የሚጠገን ነገር ትዝ ይለዋል። በዚያ ዓመት በቤታችን ያልተጠገነ ነገር አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ አስተማሪዬ አንድ መዝሙር ሳልሳሳት ተጫውቼ ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ እንሞክረው» አሉ። ቫዮሊናቸውን አነሡና አንድ ረጅም ኖታ ተጫወቱ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ የግራ እጅ ጣት ክሩን እንደተጫነች ወደ ኋላና ወደ ፊት ትወዛወዛለች፣ ድምፁም አብሯት ዝቅና ከፍ ይላል። ይኸው ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ያደናግራል የተባለው ለቫዮሊን ባይሆን ይገርመኛል።

እኔ ሞከርኩ። ጣቴ ክሩ ላይ ቆመች። «አወዛውዢያት» አሉኝ። አወዛወዝኩ፤ የተወዛወዘው ግን ትከሻዬ ነው። ጣቴማ እንደ ምሰሶ ቀጥ እንዳለች ናት።

ለነገሩ አይፈረድባትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደም ስቀዳ ለእጄ ያስተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳትንቀሳቀስ። የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚፈራ ጎረምሳ፣ ደም ሥሯ እንደ ክር የቀጠነ አሮጊት፣ ለሁሉም መድኃኒቱ ያው የማይነቃነቅ እጅ ነው። «እስኪ እሷን ጥሯት» የምባለው እኔ ነኝ። ታዲያ አሁን በትርፍ ሰዓቴ፣ ከፍዬ፣ መንቀጥቀጥ ልማር ተነሣሁ።

አስተማሪዬ መልመጃ ሰጡኝ። የመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ምስር ጨምሬ፣ በግራ እጄ ይዤ፣ ቸክ ቸክ እያደረግኩ ከአንጓዬ ላይ ማወዛወዝ። ጣቴን ማንኛውም ጠረጴዛ ላይ ተክዬ እጄን ማንቀሳቀስ። «በየትም ቦታ መለማመድ ትችያለሽ» አሉኝ። ይህን ማለት አልነበረባቸውም። ከቤት ወደ ኦክላንድ ስነዳ፣ ሪችመንድ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ፣ መሪው ላይ እለማመዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስብከት ላይ የባለቤቴ ክንድ ላይ እለማመዳለሁ። አንዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አንቺ፣ ብርድ ብርድ አለሽ እንዴ?» አለኝ።

ሥራ ቦታም ተለማመድኩ። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

አንዲት ሐበሻ እናት ነበሩ፤ በየወሩ ለስኳር ምርመራ የሚመጡ። እኔ ከሌለሁ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል፤ «የእሷ እጅ አያምም» እያሉ። አንድ ጠዋት ክንዳቸውን በላስቲክ አስሬ፣ ደም ሥራቸው እስኪወጣ ድረስ ግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ጣቴ፣ ሳላስበው፣ ሥራዋን ጀመረች። እሳቸው ጣቴን አዩ። መርፌውን አዩ። እንደገና ጣቴን አዩ።

«ልጄ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ እማማ። ሙዚቃ እየተለማመድኩ ነው።»

«በእኔ ደም ሥር ላይ?»

«አይ፣ በግራ እጄ ነው እኮ። የምወጋዎት በቀኙ ነው።»

«ይሁን። ግን ዛሬ ያችን ሌላዋን ልጅ ጥሪልኝ» አሉና፣ በነፃው እጃቸው እጄን ይዘው ጸለዩልኝ። ጮክ ብለው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ፣ አማርኛ የማያውቀውም፣ አንገቱን ደፋ። ጌታ ይህን መንቀጥቀጥ ከእጄ እንዲያወጣልኝ ለመኑልኝ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲገባ የለፋሁበትን ነገር!

ወሬ እግር የለውም፣ ግን ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ሱፐርቫይዘሬ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋችና፣ ሰው ሲሞት በምትናገርበት ድምፅ «እጅሽ ይንቀጠቀጣል የሚል ነገር ሰማሁ» አለችኝ።

«አይንቀጠቀጥም። ችግሬ እኮ አለመንቀጥቀጡ ነው» አልኩ። እያስረዳሁ በሄድኩ ቁጥር ነገሩ እየከፋ መጣ። ስለ ቫዮሊን ነገርኳት፤ ስለ ጠርሙሱና ስለ ምስሩ ነገርኳት፤ በመጨረሻ ስቴፕለሯን እንደ ቫዮሊን ይዤ አሳየኋት። «አምንሻለሁ» አለች፤ «ግን የሐኪም ወረቀት አምጪልኝ።»

ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት እጆችሽን ዘርጊ አለኝ፤ ዘረጋሁ። አፍንጫሽን ንኪ፤ ነካሁ። መዳፌ ላይ ወረቀት አስቀምጦ ቆየ። «እንዲህ ያለ የረጋ እጅ አይቼ አላውቅም» አለና ጻፈልኝ፤ ምንም ዓይነት መንቀጥቀጥ እንደሌለብኝ የሚመሰክር፣ የተፈረመበት ወረቀት። ኮፒውን ለሱፐርቫይዘሬ ሰጠሁና ዋናውን ማክሰኞ ለአስተማሪዬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ዓይናቸውን እየጠረጉ «ይኼ እንግዲህ በሕክምና የተረጋገጠ ነው» አሉኝ።

ሲበቃቸው ግን ቁም ነገሩን ተናገሩ። «ጣትሽን በግድ ልታወዛውዣት ትፈልጊያለሽ። ቫይብራቶ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ የሚለቀቅ ነገር ነው። ልቀቂው።»

ልቀቂው! ሰው ልቀቂ ሲባል ይበልጥ እንደሚጨብጥ አያውቁም? በሚቀጥሉት ሳምንታት በለቀቅኩ ቁጥር ቫዮሊኑ ሊወድቅብኝ፣ በያዝኩ ቁጥር ጣቴ ልትደርቅ ሆነ። የባሰው ደግሞ ቀድሞ በትክክል የማገኘው ኖታ እንኳ እየጠፋኝ መጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ያኔ ነው ልጄን መጠየቅ ያለብኝ ብዬ የወሰንኩት። ቫይብራቶን ከእሷ በላይ ማን ያውቀዋል? እስከዚያ ድረስ ቫዮሊን እንደምማር ደብቄያት ነበር። አባቷም እንዳይነግራት አስምዬዋለሁ። ለምን እንደደበቅኩ ብጠየቅ፣ ጥሩ አድርጌ ስችል ላስደንቃት ነው እል ነበር። እውነቱ ግን ሶፋው ላይ ሆኜ ስናገር የኖርኩት ሁሉ ትዝ እያለኝ ስላፈርኩ ነው።

ደወልኩላት። ስነግራት መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ዌይት። አንቺ? ቫዮሊን? የኔን ቫዮሊን?»

«አዎ።»

«ማንም ሳያስገድድሽ?»

«ማን ያስገድደኛል?»

ሳቋን ለማቆም ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ «ቅዳሜ ነይ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቫዮሊኑን ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስሬ ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ። የልጄ አፓርታማ አንድ ክፍል፣ አንድ ሶፋ፣ ሁለት የኮምፒውተር ስክሪን ነው። ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተጋደመች፣ ስልኳን አወጣች፣ «እሺ፣ ጀምሪ» አለች።

ጀመርኩ። ሁለት መስመር ሳልጨርስ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ በዚያ ሰባራ አማርኛዋ «አልሰማሁም። ከመጀመሪያው» አለች።

ደገምኩ።

«ጀርባሽ! ቀጥ በይ። ከመጀመሪያው።»

«ውሃ ልጠጣ» አልኳት።

«ስትጨርሺ።»

ቫዮሊኑን አወረድኩ። «እኔ እንዲህ ነበርኩ?»

ስልኳን አስቀመጠችና እየሳቀች «አይ፣ ማሚ። አንቺ ዎርስ ነበርሽ። አንቺ ታይመር ነበረሽ። ያቺን ቲማቲም አሁንም በሕልሜ አያታለሁ» አለች። ሳቅኩና የዛለውን ክንዴን አሸት አሸት አደረግኩ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አብሬያት አልቆምኩም፤ ክንድ እንዴት እንደሚዝል፣ አንገት እንዴት እንደሚቆለመም አላውቅም ነበር።

«ተይው እሱን» አልኩ። «ቫይብራቶውን አሳዪኝ። ያንን ክፍልሽ ውስጥ የምትጫወቺውን።»

ፊቷ ተለወጠ። በልጅነቷ ብርጭቆ ስትሰብር የምታሳየኝ ፊት ነው።

«የቱን?»

«በርሽን ዘግተሽ የምትጫወቺውን ነዋ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ ወጥ ቤት ቆሜ ስሰማሽ ነበር።»

ልጄ ትራሱን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች። ከትራሱ ሥር «ማሚ፣ ፕሊስ አትቆጪ» የሚል ድምፅ መጣ። «እኔ አልነበርኩም። ስልኬ ነበር።»

«ስልክሽ ምን?»

«ሪከርዲንግ። ሰው ሲጫወት የተቀዳ። ስፒከር ላይ እከፍተውና መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ አነባለሁ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ሁለት ዓመት?»

«አንዳንዴ እጫወት ነበር። አንቺ ከሥራ ስትገቢ መጀመሪያ ላይ፣ ትንሽ። ከዚያ እሱን እከፍታለሁ። አንዳንዴ እንዳይታወቅብኝ መሃል ላይ አቆምና እንደገና አስጀምረዋለሁ፤ የተሳሳትኩ እንዲመስል።»

ምን እንደተሰማኝ በቅደም ተከተል ብናገር ይሻላል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቼ ምስጋና ያቀረብኩበት ቀን ትዝ አለኝ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ «አሜን» ያለው ለአንድ የማናውቀው ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጣቴን መሪ ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ የባል ክንድ ላይ እያወዛወዝኩ ሥራዬን ላጣ የደረስኩት፣ ልጄ ለማታለል በከፈተችው ስፒከር ምክንያት መሆኑ ገባኝ። ሳቄ መጣ። ተቀምጬ ሳቅኩ። እሷ ትራሱን አውርዳ አየችኝ፤ የምስቀው ከልቤ መሆኑን ስታውቅ እሷም ጀመረች። ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ድረስ ሳቅን።

«ታዲያ ቫይብራቶ አትችይም?» አልኳት።

«ኖ! ኮንሰርት ላይ ክንዴን ብቻ አወዛውዝ ነበር። ከሩቅ ያው ይመስላል።»

«እስኪ ሞክሪ።»

ተቀበለችኝ። ከሰባት ዓመት በኋላ ቫዮሊኑ አገጯ ሥር ሲገባ ቦታውን አልረሳም፤ እኔ ወራት የፈጀብኝን አያያዝ ትንፋሽ እንደመውሰድ ያዘችው። ቅናት ቢጤ ወጋኝ። አንድ ኖታ ሳበች፣ ጣቷን አወዛወዘች፣ የተሰማው ድምፅ ከእኔ የባሰ ነበር። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ልሄድ ስነሣ፣ ሳጥኑን እየዘጋሁ፣ «ሶሪ» አልኳት። «ይቅርታ» የሚለው ቃል ከእናት ወደ ልጅ ሲሄድ ዳገት ነው፤ በእንግሊዝኛ ይቀላል።

«ፎር ዋት?»

«ለቲማቲሟ።»

ከዚያ ትከሻዬን አቀፈችኝና በአማርኛ «እሺ» አለች። እሷም የእኔን ዳገት ለማቅለል ሳይሆን አይቀርም ወደ እኔ ቋንቋ የተሻገረችው።

ለአስተማሪዬ ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው «ታዲያ አሁን ማንን ለመምሰል ነው የምትለፊው?» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ቫይብራቶን ተውኩት፤ ያለውን መዝሙር ብቻ ቀጥ አድርጌ እጫወታለሁ።

አንድ ረቡዕ፣ የዕረፍት ቀኔ ነበር፣ ስለ መድኃኒት ጉዳይ ኢንሹራንስ ደውዬ «ጠብቂ» ተብዬ ሆልድ ላይ ተደረግኩ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት። ያ የማያልቅ የሆልድ ሙዚቃ ያንቋርራል። አርባ ደቂቃ አለፈ። እየሰለቸኝ ቫዮሊኑን አንሥቼ፣ ዓይኔን መስኮት ላይ ጥዬ፣ አንድ ኖታ መሳብ ጀመርኩ። የማስበው ስለ ኢንሹራንሱ ነው፤ ምን ምን ብዬ እንደምቆጣቸው። ድንገት ድምፁ ተርገበገበ። ጣቴን አየኋት። ሁለተኛዋ፣ የመሃሏ ጣቴ፣ ማንም ሳያዛት፣ ቀስ ብላ ትወዛወዛለች። እንዳላስደነግጣት ትንፋሼን ያዝኩ።

ያን ጊዜ ስልኩ ላይ «ሃው ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አንድ ደቂቃ ሆልድ አድርጊልኝ» አልኳትና ቀጠልኩ። እንዴት ያለ ደስታ ነው! ደግ ልጅ ነበረች፣ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ «ያ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ቫይብራቶ» አልኳት። «ቆንጆ ነው» አለች። ቁጣዬ ሁሉ ጠፋና፣ የደወልኩበትን ጉዳይ ግማሹን ሳልጠይቅ ዘጋሁ።

በጸደይ ወራት ሪሳይታል የሚሉት የአዋቂ ጀማሪዎች የመድረክ ዝግጅት ሆነ፤ ኦክላንድ ውስጥ ባለ ትንሽ አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ያን ጊዜ ሁለተኛዋም ሦስተኛዋም ጣቴ ይታዘዙኝ ነበር። ልጄ ከሳን ሆዜ መጣች፤ ባለቤቴ ሠርግ የሚሄድበትን ሱፍ ለበሰ። እንዲያውም እኒያ የጸለዩልኝ እናት ወሬውን ሰምተው በልጃቸው መኪና መጥተዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀምጠዋል።

መድረኩ ላይ ወጣሁ። የማውቀውን ዝግ ያለ ዜማ ጀመርኩ። ያኔ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ አገጬ። ቀጥሎ ቀኝ እጄ፤ ቦው ክሩ ላይ እንደ ዶሮ ዘለለ። ያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መርፌ ይዞ ያልተነቃነቀ እጅ! ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ያልተንቀጠቀጠ ነገር ቢኖር ግራ እጄ ላይ ያሉት አራት ጣቶች ብቻ ናቸው። እነሱ ድርቅ ብለው ቆሙ፤ ሐኪሙ ቢያያቸው ሌላ ወረቀት ይጽፍልኝ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ሦስተኛዋ ጣቴ ሁለቴ ወዲያ ወዲህ አለች። ከዚያ አለቀ። ሰው አጨበጨበ።

ባለቤቴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ መጣ። «ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት» አለኝ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ያ ነው አይደል ቫይብራቶ ማለት?»

ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኩት።

እማማ ደግሞ ሁለት እጆቼን ይዘው አገላብጠው አዩና፣ ወደ ልጄ ዞረው «እናትሽ አልተሻላትም» አሉ። «ጸሎቱን እንቀጥል።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ አስተማሪዬ ስለ ሪሳይታሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገሩት፤ ያ ሊያልቅ ሲል የተሰማው ኖታ ጥሩ ነበር አሉ። ሰምተውታል። ከዚያ መጽሐፉን ገለጡና «እንግዲህ ወደ አራተኛዋ ጣት» አሉ። አራተኛዋ ትንሿ ናት፤ አቅሟም እንደ ቁመቷ ነው።

«እሷ ስንት ጊዜ ትፈጃለች?» አልኳቸው።

«አንዳንዱ ሰው አንድ ዓመት።»

«ሌላውስ?»

መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ሌላው» አሉ፣ «ዕድሜ ልኩን በሦስተኛዋ ይጠቀማል።»